ዘበኛ ነው ወይስ ዳኛ?

በሰው ሕዋስ ውስጥ ፒ53 የሚባል አንድ ፕሮቲን አለ። የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስሙን እንደ ውዳሴ ሲደጋግሙት ይሰማል፤ እኛ የአርትስ ተማሪዎች ደግሞ ሰምተን እንዳልሰማን እናልፋለን። በ1992 ዴቪድ ሌን የተባለ የብሪታንያ ሳይንቲስት ለዚሁ ፕሮቲን «የጂኖም ዘበኛ» የሚል ማዕረግ ሰጠው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማዕረጉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ኖሮ ዛሬ ማንም የማይጠይቀው ነገር ሆኗል። እኔ ግን ልጠይቀው ነው የተነሣሁት። ማዕረጉ ሰውን ያሳስታል፤ ወደ አማርኛ ሲገባ ደግሞ ማሳሳቱ ይብሳል።

«አንተ የታሪክና የቋንቋ ተማሪ፣ ከፕሮቲን ጋር ምን አገናኘህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ስለ ፕሮቲኑ ጠባይ ለመመስከር ላቦራቶሪ የገባ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔም እነርሱ ያገኙትን ተቀብዬ ነው የምናገረው። ስለ ስም ግን የሚከራከር የቋንቋ ሰው ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ስም የሚሰጥ ሰው ግማሹን ትርጕም አብሮ ይሰጣል። ቃሉ ከተሳሳተ ከቃሉ በኋላ የሚመጣው አሳብ ሁሉ ጠማማ ይሆናል፤ ይህም በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ጠማማነት እንዳልሆነ ወደ ኋላ አሳያለሁ።

መጀመሪያ ግን ፕሮቲኑ ምን እንደሚሠራ እንወቅ።

እያንዳንዱ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ያለውን ዲ.ኤን.ኤ. በሙሉ መገልበጥ አለበት። ይህ ጽሑፍ ከአባትም ከእናትም የመጣው ሲደመር ወደ 6 ቢሊዮን ፊደል ይሆናል። የግእዝ መጻሕፍትን በብራና ላይ ሲገለብጡ የኖሩ ቁም ጸሐፊዎቻችን ሥራ ትዝ ቢለን ነገሩ ይገባናል። ብራናው ከተቀደደ፣ ቀለሙ ከፈሰሰ፣ ወይም ሐረጉ ከተዘለለ፣ ቀጥሎ የሚገለበጠው ቅጅ ጕድለቱን ወርሶ ይወጣል፤ ከዚያ ቅጅ የሚገለበጠው ሌላውም እንዲሁ። በሕዋስ ውስጥ ያለው ብራና ደግሞ ያለ ዕረፍት ይቀደዳል። የፀሐይ ጨረር ይመታዋል፤ የትንባሆ ጢስ ይለጠፍበታል። ከሁሉ የሚገርመው ሕዋሱ ራሱ ለመኖር ሲል ከሚያቃጥለው ምግብ የሚወጣው የኦክስጅን ትርፍራፊ ያበላሸዋል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ በቀን የሚደርሰው ጕዳት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ነው። አብዛኛው ወዲያው ይጠገናል። ጥያቄው ሳይጠገን መገልበጥ እንዳይጀመር የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ነው።

ጕዳቱን መጀመሪያ የሚያውቁት ሌሎች ናቸው እንጂ ፒ53 አይደለም። የዲ.ኤን.ኤ. ሁለቱም ክሮች ሲበጠሱ ኤ.ቲ.ኤም. የሚባል ኤንዛይም ይነቃል (ከባንኩ መኪና ጋር ዝምድና የለውም)። አንዱ ክር ብቻውን ተራቍቶ ሲገኝ ወይም ግልበጣው መንገድ ላይ ሲቆም ደግሞ ኤ.ቲ.አር. የሚባለው ይነቃል። እነዚህ ያዩትን በፎስፌት ምልክት እያተሙ ለሚቀጥሉት ያስተላልፋሉ፤ ምልክቱም በመጨረሻ ፒ53 ላይ ያርፋል።

ፒ53 እስከዚያ ድረስ ምን ሲያደርግ ቈየ? ሲሞት ነው የቈየው። ጤናማ በሆነ ሕዋስ ውስጥ ፒ53 ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ያለማቋረጥም ይፈርሳል። በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግማሹ የለም። የሚያስፈርሰውም ኤም.ዲ.ኤም.2 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ፒ53ን ይይዝና የመጣያ ምልክት ይለጥፍበታል። ጕዳት ሲደርስ ግን ያ የፎስፌት ማኅተም በሁለቱ መካከል ይገባና ያለያያቸዋል። ማንም የማይነካው ፒ53 መከማቸት ይጀምራል፤ አራት አራት ሆኖ ይቀናጃል፤ ከዲ.ኤን.ኤ. ላይ ይቀመጥና የተወሰኑ ጂኖች እንዲነበቡ ያዝዛል።

ከትእዛዞቹ ሁሉ የታወቀው በ1993 የተገለጠው ፒ21 የሚባለው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዋስ ወደ ግልበጣ የሚገባበትን በር ይዞ የሚቆም አር.ቢ. የሚባል ፕሮቲን አለ። መከፋፈልን የሚገፉ ኤንዛይሞች አር.ቢ.ን ከበሩ ላይ ሲያነሡት በሩ ይከፈታል፤ ግልበጣውም ይጀመራል። ፒ21 እነዚያን ገፊዎች ይይዛቸዋል። ስለዚህ አር.ቢ. ከበሩ አይነሣም፤ ሕዋሱም ባለበት ይቆማል። ጠጋኞቹ የተበጠሰውን ክር እስኪቀጥሉ ድረስ ጊዜ ተገኘ ማለት ነው።

ጥገናው ከተሳካ ጕዳዩ እንዴት ይዘጋል? እዚህ ላይ ነው ተፈጥሮን የማደንቀው። ፒ53 እንዲነበቡ ከሚያዝዛቸው ጂኖች አንዱ የኤም.ዲ.ኤም.2 ጂን ነው። ይኸውም የገዛ አፍራሹን ራሱ ያሠራል ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ሲያበቃ አፍራሹ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ፒ53 ይወርዳል፤ በሩ ይከፈታል፤ ሕዋሱ ሥራውን ይቀጥላል።

ጥገናው ካልተሳካስ? ያን ጊዜ ትእዛዙ ይለወጣል። ፑማ፣ ኖክሳ፣ ባክስ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይጠራሉ፤ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ይበሳል፤ ሕዋሱ ጎረቤቱን ሳይነካ ተሸራርፎ ይሞታል። ወይም ሞት ሳይፈረድበት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንዳይከፈል ይታገዳል። ከእነዚህ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የጕዳቱ ብዛትና የሕዋሱ ዐይነት ነው። በጨረር የተመታ የታይመስ ሕዋስ ቶሎ ይሞታል፤ በዚያው ጨረር የተመታ የቈዳ ሥር ሕዋስ ግን ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ! ይህ የዘበኛ ሥራ ነው?

ዘበኛ ማለት እኛ እንደምናውቀው በር ላይ ዱላ ይዞ የሚቆም፣ ከውጭ የሚመጣውን «ማነህ?» የሚል፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚነቃ ሰው ነው። ፒ53 በር ላይ አይቆምም። ከውጭ የሚመጣውን አያይም፤ ጕዳቱን እንኳ ራሱ አያይም። ነገር ካልደረሰ በቀር በቦታው የለም። ሥራው ምስክር ከሰማ በኋላ የሚጀምር ነው። ምስክሮቹ ኤ.ቲ.ኤም. እና ኤ.ቲ.አር. ናቸው። እርሱ የሚያደርገው እግድ ማውጣት ነው፤ ይኸውም «ጕዳዩ እስኪጣራ ድረስ እንዳይገለበጥ» የሚል እግድ። እግዱን የሚያስፈጽመው ሌላ ነው፣ ፒ21። በመጨረሻም ወይ ነጻ ይለቃል፣ ወይ ይፈርዳል። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለው ባለ ሥልጣን ዳኛ ነው የሚባለው።

በርግጥ በፍርድ ቤት ደጅ ሲጠና የከረመ ሰው ለዳኛ ስም ላይጓጓ ይችላል። ደግሞም በ20 ደቂቃ የሚሻር ዳኛ የት ታይቶ ያውቃል ብሎ የሚስቅ ይኖራል። ልክ ነው፣ ምሳሌ ሁሉ አንድ እግሩ ያነክሳል። እኔ የምለው ዳኛ የሚለው ወደ እውነቱ ያነክሳል፣ ዘበኛ የሚለው ግን ከእውነቱ ይሸሻል ነው።

ስለዚህ ፕሮቲን ሰዎች ሲሳሳቱ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ስሙ ራሱ በስሕተት የተጻፈ ነው። «53» የተባለው ክብደቱ በላቦራቶሪ ሲለካ 53 ሺህ ዳልተን ስለ መሰለ ነው፤ እውነተኛው ክብደት ግን ወደ 44 ሺህ ይጠጋል። ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስለ በዛበት በመለኪያው ውስጥ እየተጎተተ ሄዶ ከብዶ ታየ። ይህ ቀላሉ ስሕተት ነው፤ ከባዱ ሌላ ነው። በ1979 በሎንዶን፣ በፕሪንስተን፣ በኒው ዮርክና በፓሪስ አጠገብ የነበሩ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ፒ53ን ሲያገኙት፣ ያገኙት በነቀርሳ ሕዋስና ነቀርሳ በሚያመጣ የዝንጀሮ ቫይረስ በተያዘ ሕዋስ ውስጥ ነበር። ከወንጀለኛው ጋር አብሮ ስለ ተያዘ ወንጀለኛ ነው ተባለ። ጂኑ ተገልብጦ ወደ ጤነኛ ሕዋስ ሲገባ በእርግጥም ሕዋሱን ወደ ነቀርሳነት የሚገፋ መሰለ። አሥር ዓመት ሙሉ ነቀርሳ አምጪ ተብሎ በመዝገብ ተጻፈ።

በ1989 ነው የተገለበጠው። በርት ፎግልስታይንና የሥራ ጓደኞቹ በጆንስ ሆፕኪንስ የአንጀት ነቀርሳን ሲመረምሩ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የፒ53 ጂን አንዱ ቅጅ ጠፍቶ የቀረውም ተበላሽቶ አገኙት። በፕሪንስተን ደግሞ አርኖልድ ሌቪንና ጓደኞቹ ጤነኛው ፒ53 ነቀርሳን እንደሚገታ አሳዩ። ለካ እነዚያ ዓመታት ሁሉ ሲገለበጥ የኖረው ጂን ከነቀርሳ ሕዋስ የተወሰደ የተበላሸ ቅጅ ኖሯል! የታሪክ ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ወሬ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ተመራማሪዎቹ ሰነዱን በጥንቃቄ አንብበዋል፤ ያላጣሩት ሰነዱ ከየትኛው እጅ እንደ ወጣ ነው። እኛ በሁለተኛ ዓመት ስለ ምንጭ ምርመራ የምንማረውን እነርሱ አሥር ዓመት ከፍለው ተማሩት። ይህን የምለው ለመዘባበት አይደለም፤ ስሕተታቸውን ያወጡት ራሳቸው ናቸውና ምስጋናውም የራሳቸው ነው።

ወደ ዳኛው እንመለስ። ዘበኛ የሚለው ስም አንድ ሌላ መዘዝ አለው፤ ዘበኛ በበዛና በበረታ ቍጥር ቤቱ ይጠበቃል የሚል አሳብ ያመጣል። የአይጦቹ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1992 ፒ53 ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ተወልደው ታዩ። መልካቸው ደኅና ነበር፤ ነገር ግን አብዛኞቹን እስከ ስድስተኛ ወራቸው ድረስ ዕጢ ያዛቸው። ይህ የሚጠበቅ ነው። በ1995 ደግሞ አፍራሹ ኤም.ዲ.ኤም.2 የሌላቸው አይጦች ተሞከሩ። እነዚህ ገና በማሕፀን ሞቱ፤ ያልተገታው ፒ53 ፈጃቸው። ለዚህም ማስረጃው ሁለቱም በአንድነት ሲጠፉ ፅንሶቹ መዳናቸው ነው። በ2002 ከልክ በላይ የሚሠራ ፒ53 ያላቸው አይጦች ተገኙ፤ ነቀርሳ እምብዛም አልያዛቸውም፣ ነገር ግን ያለ ጊዜያቸው አረጁ፤ አጥንታቸው ሳሳ፤ ጀርባቸው ጎበጠ። በዚያው ዓመት በስፔን የተሠራው ሙከራ ነገሩን አጠራው፦ ተጨማሪ የፒ53 ጂን ከነሙሉ መቈጣጠሪያው የተሰጣቸው አይጦች ከነቀርሳ በተሻለ ሁኔታ ተጠበቁ፣ ያለ ዕድሜያቸውም አላረጁም። ቍም ነገሩ እንግዲህ የኃይል ብዛት ሳይሆን ኃይሉን ጊዜው ሲደርስ የሚያወርደው ሌላ ኃይል መኖሩ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ስለ አገር አስተዳደር ምሳሌ ሊያወጣ የሚቸኩል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ያውጣ። እኔ የምናገረው ስለ አይጥ ነው።

ዳኛው የሚበላሽበት መንገድም ከሌሎች የተለየ ነው። አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 የሕፃናትን የዐይን ነቀርሳ አጥንቶ፣ ዕጢ እንዲነሣ የአንዱ ጂን ሁለቱም ቅጂዎች መጥፋት አለባቸው የሚል አሳብ አቀረበ። ያም ጂን ከላይ በር ይዞ ይቆማል ያልነው የአር.ቢ. ጂን ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ቅጅ ቢጠፋ ሌላው ይበቃል። ፒ53 ግን ብቻውን አይፈርድም፤ አራት ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ የተበላሸውን፣ አንዱ ጤነኛውን እኩል እያመረቱ ነው እንበል። አራቱም ጤነኛ ሆነው የሚገጣጠሙት ከ16 አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀሩት 15 ጕባኤዎች ቢያንስ አንድ የተበላሸ ተቀምጧል፣ እርሱም ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። (ቍጥሩ እንዲያው የወረቀት ሒሳብ ነው፤ በሕዋስ ውስጥ ያለው ከዚህ የተወሳሰበ ነው።) ከሰው ነቀርሳዎች ግማሽ በሚያህሉት ውስጥ ይህ ጂን ተበላሽቶ የመገኘቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ብልሽቱ ደግሞ የጸሐፊውን እጅ ይናገራል። የብራና ሊቃውንት ከስሕተቱ ተነሥተው ቅጂው ከየት ገዳም እንደ ወጣ እንደሚለዩት ማለት ነው። ፀሐይ ያበላሸው ቅጅ በጐን ለጐን ሁለት ፊደላት ላይ የራሷን ምልክት ትቶ ይገኛል። የትንባሆ ጢስ ደግሞ የሚመርጣቸው ቦታዎች አሉት። በ1991 ከቻይናና ከደቡባዊ አፍሪካ የጉበት ነቀርሳ ሕመምተኞች የተወሰደ ጂን ሲነበብ፣ የብዙዎቹ ስሕተት በአንድ ቦታ ላይ ተገኘ፤ ከ393 አሚኖ አሲዶች መካከል በ249ኛው። አንዲት ፊደል ተለውጣ አርጂኒን በሴሪን ተተክቷል። የጸሐፊው እጅ አፍላቶክሲን ነው ተባለ፤ ይኸውም በቆሎና ኦቾሎኒ እርጥበት ባለበት ጎተራ ሲከማች የሚበቅለው ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ ነው። መርዙ በዐይን አይታይም፤ ሻጋታውን አራግፎ ቀሪውን መፍጨት መርዙን ሁሉ አያስወግደውም። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ደግሞ አደጋው ይበዛበታል። ስለ ጎተራና ስለ እህል ማድረቂያ የሚነገረው ነገር የእርሻ ትምህርት ቤት ጕዳይ ብቻ ይመስለን ነበር፤ እነሆ ከ17ኛው ክሮሞዞም ጋር ተገናኘ።

አሁን ስም ለምን ሰው ይጎዳል እንዳልኩ ልናገር።

አማርኛችን «ነቀርሳ» የሚል ቃል አለው። በዚህ ቃል የጡት ነቀርሳ እንላለን፤ በዚሁ ቃል ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢን ማለታችን ነው። አንዱ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ ሌላው የታማሚው የገዛ ሕዋስ ልጓም መጣል ነው። ሁለት ፍጹም የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ስም አለበስናቸው። በእኛ ሰፈር የጡት ነቀርሳ የያዛቸው አንዲት እናት ብርጭቆአቸውና ሰሐናቸው ለብቻ ተለይቶ ሲቀመጥላቸው አይቻለሁ። ያደረጉት የወለዷቸው ልጆች ናቸው። ክፉዎች አልነበሩም፤ ያስታምሟቸው ነበር፤ ሌሊት ይነሡላቸው ነበር። ግን ቃሉ «ይጋባል» ብሎ ነገራቸው። እናትየዋም ለምን እንደ ተለየባቸው ሳይጠይቁ ከዚያ ብርጭቆ ይጠጡ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ላይ «ዘበኛ» የሚለውን ስናክልበት ምን ይሆናል? ዘበኛ ካለ ሌባ አለ፤ ሌባ ደግሞ ከውጭ ይመጣል። በሽታው ከውጭ የገባ ነገር ነው የሚለው አሳብ በሳይንስ ስም ተባርኮ ይመለሳል። ዳኛ ብንል ግን የሚከሰሰው የቤቱ ሰው እንደ ሆነ ወዲያው ይገባናል፦ የራሳችን ሕዋስ፣ የራሳችን ጽሑፍ፣ በግልበጣ የወጣ ስሕተት።

በዘር የሚወርደውንም ነገር ይኸው ስም ያቃልለው ነበር። በ1969 ፍሬድሪክ ሊና ጆሴፍ ፍራውሜኒ የተባሉ ሐኪሞች በአንዳንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ሕፃናትና ወጣቶች በልዩ ልዩ ነቀርሳ ደጋግመው እንደሚያዙ ጻፉ። በ1990 ምክንያቱ ታወቀ፤ ከሁለቱ የፒ53 ቅጂዎች አንዱን ተበላሽቶ ወርሰውታል። በአንድ ቤት ሦስት ሰው ሲታመም እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ የአያት በደል ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

«ታዲያ የማሕፀን ጫፍ ነቀርሳ በቫይረስ ይመጣ የለም እንዴ?» የሚል አንባቢ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። ይመጣል። የሚጋባው ግን ቫይረሱ ነው እንጂ ነቀርሳው አይደለም። ኤች.ፒ.ቪ. የሚባለው ቫይረስ የሚሠራው ተንኰል ደግሞ ከነገርኳችሁ ሁሉ ይብሳል። የጂኑን አንዲት ፊደል አይነካም። ኢ6 የሚባለው ፕሮቲኑ ፒ53ን ይዞ ለሕዋሱ የራሱ የቆሻሻ መፍጫ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ኢ7 የሚባለው ደግሞ በር የያዘውን አር.ቢ.ን ያስለቅቀዋል። ሕጉ እንደ ተጻፈ አለ፤ ዳኛው ግን በወንበሩ ላይ የለም። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚደርሱት ነቀርሳዎች ከጡት ቀጥሎ የሚበዛው ይኸው ነው። በ2018 ዕድሜያቸው 14 ለሆነ ልጃገረዶች የዚህ ቫይረስ ክትባት በኢትዮጵያ መሰጠት ተጀምሯል። ክትባቱ ነቀርሳን አያክምም፤ ዳኛውን የሚያስነሣው ቫይረስ እንዳይገባ ይከለክላል። ልብ በሉ፣ ዘበኛ ማለት ተገቢ ከሆነ ዘበኛው ክትባቱ ነው! ስሙን ለማይገባው ሰጥተን ለሚገባው ሳናስቀርለት ቀረን።

አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛዬ ይህን አሳቤን ሰምቶ «ምሳሌ ለጀማሪ ነው፤ ቀመሩን የሚያውቅ ሰው ስሙ ምንም ቢሆን አይሳሳትም» አለኝ። አልተቀበልኩትም። ቀመሩን የሚያውቁት እነማን ናቸው? ከዚህ ግቢ የሚወጡ ጥቂቶች። የቀረው ሕዝብ የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው። ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለታማሚው የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው እንጂ በቀመር አይደለም። ደግሞም ቀመሩን የሚያውቁቱ ራሳቸው አሥር ዓመት «ነቀርሳ አምጪ» በሚል ስም ሥር ሲሠሩ ኖረው የለም ወይ?

ሌላው የሚያከራክረን «ቱመር ሰፕሬሰር» የሚለው ስያሜ ነው። «ዕጢ አፋኝ» ብለው የሚተረጕሙ አሉ። እኔ አልወደድኩትም። ማፈን የሚባለው ያለውን ነገር ጕሮሮ ማነቅ ነው፤ ፒ53 ግን ዕጢ ሳይኖር ነው ሥራውን የሚሠራው። ሥራው የሰመረለት ዕለት ዕጢ የሚባል ነገር አይነሣም። «ልጓም ፕሮቲን» ብንለው ምን ይለናል? ልጓም ፈረሱን አይጠላውም፤ እንዳይሮጥ ለዘለዓለም አይከለክለውም፤ ገደል ሲታይ ብቻ ይስበዋል። አር.ቢ.ም፣ ፒ53ም፣ ሌሎቹም በዚህ ስም ሥር ያለ ጭንቅ ይገባሉ።

ዝሆንን ሳላነሣ ብቀር ቅር ይለኛል። ዝሆን ከእኛ እጅግ የበዛ ሕዋስ አለው፤ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ስለዚህ በሒሳብ ብንሄድ ነቀርሳ ሊጨርሰው ይገባ ነበር፤ አልጨረሰውም። በ2015 እንደ ተገለጠው እኛ የፒ53 ጂን ከአባት አንድ ከእናት አንድ ስንወርስ፣ በዝሆን ጂኖም ውስጥ ግን 20 ያህል ናቸው፤ አብዛኞቹም ያጠሩ ቅጂዎች ናቸው። የዝሆን ሕዋስ ዲ.ኤን.ኤው ሲጎዳ ከእኛ ሕዋስ ይልቅ ፈጥኖ ይሞታል። ዳኛው ብዙ ጊዜ አይሰጥም። የባቢሌ ዝሆኖች ይህን ሳያውቁ ይኖራሉ፤ እኛም ስለ ጥርሳቸው እንጂ ስለዚህ ነገር አልጠየቅናቸውም።

አንድ ቃል ይቀረኛል፣ እርሱም ያስቸገረኝ ነው። ሕዋስ ተፈርዶበት የሚሞተውን ሞት የውጭ ሰዎች አፖፕቶሲስ ይሉታል። በ1972 ስሙን ያወጡት ሦስት ሳይንቲስቶች ከግሪክ ነው የወሰዱት፤ የቅጠል መርገፍ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ አንዳንዶች «የሕዋስ ራስን መግደል» ብለው ይጽፉታል። ይህ ቃል በአማርኛ ምን ያህል ኀዘንና ኀጢአት እንደ ተሸከመ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም፤ ለአንድ ታማሚ መድኀኒቱ የሚሠራው ሕዋሱን ራሱን እንዲገድል በማድረግ ነው ብሎ የሚያስረዳ ሐኪም ምን እንደሚሰማው እንጃ። እኔ «ርግፈት» የሚለውን አቀርባለሁ። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዛፉ ይኖራል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው የሳይንስም ሆነ የአርትስ ተማሪ ለሚቀጥለው እትም ጽፎ ለአዘጋጆቹ ያስረክብ፤ ተቃውሞም ቢሆን በደስታ አነባለሁ።